አንዱ ቃል በስንት ይመነዘራል?

ተማሪ የሚፈራው ረጅሙን ቃል ነው። ዐሥራ ሁለትና ዐሥራ አራት ፊደል የተደረደረበት የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጋጥመው ያሰምርበታል፤ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ ካልሆነለትም አስተማሪውን ይጠይቃል። በእንግሊዝኛው ሦስት ፊደል ብቻ ያላትን ትንሽ ቃል ግን አይፈራትም። ገና በታችኛው ክፍል ሳለ የተዋወቃት ናትና ዞር ብሎ ሳያያት ያልፋታል። ዳሩ ግን በፈተና ቀን ብዙ ጊዜ የምትጥለው ያቺው ትንሿ ናት። የማያውቁት ቃል ቢያንስ ያስጠይቃል፤ አውቀዋለሁ ያሉት ቃል ግን ጥያቄ ስለማያስነሣ አንባቢውን ሳይታወቀው ከመንገድ ያወጣዋል።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ለዛሬ የመረጥሁት ቃል «ራን» የሚባለው ነው።

በአገራችን ይህን ቃል የማያውቅ ተማሪ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በየዓመቱ የሚደረገው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ ስሙ ሲጠራ የስሙ መጨረሻ «ራን» ነው። ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ሰዎች ደግሞ ሩጫ የጎረቤት ሀብት ነው። ከሸለቆው ማዶ ያለው የአርሲ ደጋ በአሰላ በኩል ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ በበቆጂ በኩል ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርቷል። እንግዲህ በዓለም ጤና አንድ ልጅ «ራን ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ጊዜ ሳይወስድ «ሮጠ» ይላል፤ በአፋን ኦሮሞ የሚመልሰውም «ፊጌ» ይላል። መልሱ ትክክል ነው። ችግሩ መልሱ በዚያ ያለቀ መስሎ መታየቱ ነው።

የተማሪዎችን የቃላት ደብተር ገልጦ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። በግራ በኩል እንግሊዝኛው፣ በቀኝ በኩል ትርጓሜው፣ በመካከላቸው አንዲት ሰረዝ። ቃላቱ እንደ ባልና ሚስት አንድ ለአንድ ተጋብተው ተቀምጠዋል። ይህ ዐይነቱ ደብተር በታችኛው ክፍል ያገለግላል፤ የሚነበበውም ታሪክ ስለ ውሻና ስለ ድመት፣ ስለ ገበያና ስለ ትምህርት ቤት ስለሆነ የሚሮጠው ሁሉ በእርግጥ በእግሩ ይሮጣል።

ነገሩ የሚለወጠው 9ኛ ክፍል ሲገባ ነው። በኦሮሚያ ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እንግሊዝኛን የሚያውቀው እንደ አንድ የትምህርት ዐይነት ብቻ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ትናንት በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ የሚያገኘው እንግዳ ዛሬ ጧትና ከሰዓት በኋላ አብሮት ይውላል። ያን ጊዜ «ራን» በየመጽሐፉ ልዩ ልዩ ልብስ ለብሳ ትመጣበታለች።

እስቲ ልጁ በዚያ በቃላት ደብተሩ ተመርቶ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ይተርጕምልን። የጂኦግራፊው መጽሐፍ «ዘ አዋሽ ራንስ ኢንቱ ሌክ አቤ» ይላል። ልጁ «አዋሽ ወደ አቤ ሐይቅ ይሮጣል» ብሎ ይተረጕማል። ይህ እንኳ ለጆሮ ደስ አይበል እንጂ ያስኬዳል። ኢኮኖሚክሱ «ሺ ራንስ ኤ ስሞል ሾፕ» ይላል። ልጁ «እርሷ ትንሽ ሱቅ ትሮጣለች» ይላል። አሁን ነገሩ ተበላሸ። ፊዚክሱ ደግሞ «ዘ ሞተር ራንስ ኦን ኤሌክትሪሲቲ» ሲለው «ሞተሩ በኤሌክትሪክ ላይ ይሮጣል» ብሎ ሞተሩን በሽቦ ላይ ሲሮጥ ያየዋል። ልጁ ራሱ ይሥቃል፤ ጓደኞቹም ይሥቃሉ። በፈተና ወረቀት ላይ ግን ሣቅ የለም። ከአራቱ አማራጮች አንዱ ስለ ፍጥነት የሚናገር ከሆነ ልጁ ሳይጠራጠር እርሱን ይከብባል፤ ሞተሩ በምን ኃይል እንደሚሠራ አሳምሮ እያወቀ ነጥቡን ያጣል።

በዚህ የሚቸገረው ልጅ ደካማ ስለሆነ አይደለም። የእንግሊዝ ሊቃውንት ራሳቸው በዚህ ቃል ብዙ ደክመውበታል። ታላቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ በክፍል በክፍል ሲወጣ ቆይቶ በ1928 ተፈጸመ። በ1989 ሁለተኛው እትም በ20 ቅጽ ሲወጣ ከቃላት ሁሉ ይልቅ ረጅም ሐተታ የተጻፈለት «ሴት» የሚባለው ቃል ነበር፤ የእኛዋ ሴት እንዳትመስላችሁ፣ ማስቀመጥና ማዘጋጀት ከሚለው የሚነሣው ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ እንደ ገና ሲታደስ «ራን» ቀደመችው። ፒተር ጊሊቨር የተባሉት የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ በዚህች አንዲት ቃል ላይ ዘጠኝ ወር ያህል ሠርተው፣ ግሡን ብቻ በ645 ፍች ለይተው አስቀምጠዋል። ልጅ በማሕፀን የሚቆይበትን ያህል ጊዜ ለሦስት ፊደል መሆኑ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ 645 ሲባል አትደንግጥ። ማንም ሰው ይህን ሁሉ በቃሉ አያጠናም፤ እንግሊዛዊውም አላጠናውም። ፍቾቹ የተበተኑ ቢመስሉም በጥቂት ቤተሰብ የሚጠቃለሉ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን እንቍጠር።

መጀመሪያው በእግር የሚሮጠው ነው። ሰው፣ ፈረስ፣ ውሻ፣ ዶሮ ይሮጣሉ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችበት ሩጫ በዚህ ውስጥ ይገባል። ይህንን ሁላችን እናውቀዋለንና እንለፈው።

ሁለተኛው የሚፈስሰው ነው። ውሃ፣ ደም፣ እንባ በእንግሊዝኛ ሁሉም «ራን» ይባልላቸዋል። እኛ ግን ውሃው ፈሰሰ፣ እንባው ወረደ እንላለን። አዋሽ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በተፈጸመው በቆቃ ግድብ ላይ ተጠራቅሞ፣ እንደ ገናም ወደ ምሥራቅ ተጕዞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ይህን መንገድ ሁሉ እንግሊዝኛው «ይሮጣል» ሲል አማርኛው «ይፈስሳል» ይላል። በዚሁ ቤተሰብ የጨርቅ ቀለምም አለ፤ ጥለቱ ታጥቦ ወደ ነጩ ሲዛመት እንግሊዝኛው «ቀለሙ ሮጠ» ይለዋል፤ እኛ «ቀለም ለቀቀ» እንላለን።

ሦስተኛው የሚሠራው መሣሪያ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ በሚለማበት በእኛ አካባቢ የውሃ ፓምፕ ድምፅ እንግዳ አይደለም። «ዘ ፓምፕ ኢዝ ራኒንግ» ማለት ፓምፑ ይሠራል፣ ሞተሩ ተነሥቷል ማለት እንጂ ፓምፑ ከቦታው ተንቀሳቀሰ ማለት አይደለም። እንዲያውም ፓምፑ ቢንቀሳቀስ ለገበሬው ጭንቅ ነው። ሰዓት፣ ወፍጮ፣ መኪና ሁሉም በዚሁ ይገባሉ። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር የሚማሩ ልጆች ፕሮግራም «ራን» ሲያደርጉ ይሰማሉ፤ በአማርኛ «ማስኬድ» ብለን ተርጕመነዋል። ይህ ትርጕም ደስ ይላል፤ እንግሊዙ ያስሮጠውን እኛ በእርጋታ አስኬድነው።

አራተኛው ማስተዳደር ነው። ሱቅ፣ ሆቴል፣ ድርጅት፣ ማኅበር «ራን» ይደረጋል። ባለቤቷ ሱቋን ታንቀሳቅሳለች፣ ታስተዳድራለች ማለት ነው። ይህ ከሦስተኛው የራቀ አይደለም። ሞተሩን የሚያስነሣ ሰው እንዳለ ሁሉ ሥራውንም የሚያስኬድ ሰው አለ።

አምስተኛው የሚዘልቀው ነው። መንገድ፣ አጥር፣ የተራራ ሰንሰለት ከአንድ ቦታ ተነሥቶ እስከ ሌላው ሲደርስ እንግሊዝኛው «ራን» ይላል። ከሞጆ ተነሥቶ በዓለም ጤና፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ የሚደርሰው መንገድ በእንግሊዝኛ «ይሮጣል»፤ በአማርኛ ግን መንገድ «ይወስዳል»። «ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ «ወዴት ይሮጣል?» አንልም። በእንግሊዝኛ መንገዱ ራሱ ሲሄድ በእኛ ዘንድ መንገደኛውን ይዞት ይሄዳል። ጊዜም እንዲሁ ነው፤ የሁለት ዓመት ውል በእንግሊዝኛ ሁለት ዓመት «ይሮጣል»፤ በአማርኛ ሁለት ዓመት ይጸናል።

ስድስተኛው ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መለወጥ ነው። «ዘ ሌክ ሬን ድራይ» ቢል ሐይቁ ደረቀ ማለት ነው፤ «ሬን» የ«ራን» ኀላፊ ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የሐረማያ ሐይቅ በደረቀ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ሐይቁ ወዴትም አልሮጠም፤ ውሃው አለቀ እንጂ።

አሁን እነዚህን ስድስቱን ቤተሰቦች ጎን ለጎን አስቀምጠን ብንመለከታቸው አንድ ዝምድና ይታያል። የሚሮጠው ልጅ፣ የሚፈስሰው ወንዝ፣ የሚሠራው ፓምፕ፣ የሚተዳደረው ሱቅ፣ የሚዘልቀው መንገድ፣ ሁሉም ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ። ሐይቁም ቢሆን በአንድ ቀን አልደረቀም፤ ሳያቋርጥ ጎደለ እንጂ። እንግሊዝኛው ያየው ይህን አለመቋረጥ ነው። ተማሪው ይህን ክር ከያዘ ያልተማረውን ፍች እንኳ ገምቶ ሊደርስበት ይችላል፤ «ሮጠ» የሚለውን ብቻ ከያዘ ግን ከመጀመሪያው ቤት ሳይወጣ ይቀራል።

ምናልባት «የእንግሊዝ ቋንቋ ጠማማ ነው፤ የእኛ ግን ቀጥተኛ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለዚህ አንባቢ «ወጣ» የሚለውን የራሳችንን ቃል ላሳየው። ሰው ከቤት ወጣ፤ ፀሐይ ወጣች፤ ዳገት ወጣ፤ አዋጅ ወጣ፤ መጽሔቱ ወጣ፤ ዕጣ ወጣለት፤ ስም ወጣለት፤ በፊቱ ላይ ብጕር ወጣ፤ ነፍሱ ወጣች። አንድ የውጭ አገር ሰው አማርኛ ሊማር መጥቶ በደብተሩ ላይ «ወጣ» ብሎ በአጠገቡ «ከውስጥ ወደ ውጭ ሄደ» ብሎ ጽፎ እንደ ሆነ አስቡት። ከዚያ በኋላ አንዲት እናት በኩራት «ልጄ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ» ስትል ይሰማል። እርሱ የሚገባው ምንድን ነው? ደወል ሲደወል ከሁሉ ቀድሞ በበሩ የወጣ ልጅ ነው። «ይህ ባለጌ ልጅ ነው፤ እናቱ ግን ስለምን ደስ አላት?» ብሎ ይገረማል። በአፋን ኦሮሞም ያው ነው፤ «በኤ» የሚለው ቃል ከቤት ለወጣውም፣ ለፀሐይዋም፣ አንደኛ ለወጣውም ያገለግላል።

እኛ «ወጣ» የሚለውን ቃል ዐሥር ጊዜ በዐሥር መንገድ ስንጠቀምበት ግራ ተጋብተን አናውቅም። ስለምን? ቃሉን ብቻውን ሰምተነው ስለማናውቅ ነው። ሁልጊዜ ከፀሐይ ጋር፣ ከዳገት ጋር፣ ከዕጣ ጋር ነው የሰማነው። ፍችውን የነገረን አጠገቡ የተቀመጠው ቃል ነው። ሰውን በባልንጀራው ታውቀዋለህ እንደሚባለው ቃልንም በባልንጀራው እናውቀዋለን። የእንግሊዝኛውን ቃል ግን ከባልንጀሮቹ ለይተን፣ ብቻውን፣ በሰረዝ አስረን በደብተር ላይ አስቀመጥነው፤ ከዚያም አልናገር አለን ብለን አዘንበት።

በእንግሊዝኛ ከባልንጀሮቹ ሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚለውጡት ከኋላ የሚከተሉት ጥቃቅን ቃላት ናቸው። «ራን አውት» ማለት ማለቅ ነው። ቤት ውስጥ ጨው ሲያልቅ እንግሊዙ «ዊ ሃቭ ራን አውት ኦቭ ሶልት» ይላል። በዚህ አነጋገር ጨርሶ የወጣው ባለቤቱ ነው፤ በአማርኛ ግን ያለቀው ጨው ነው፤ «ጨው አለቀብን» እንላለንና። ተማሪው ባለቤቱንና ተሳቢውን ካልገለበጠ ትርጕሙ አይገጥምለትም። «ራን ኢንቱ» ሲል ከሰው ጋር ከሆነ ድንገት መገናኘት፣ ከግንብ ጋር ከሆነ መጋጨት፣ ከላይ እንዳየነው ከወንዝ ጋር ከሆነ ወደ ሐይቅ መግባት ነው። «ራን ኦቨር» ሲል መኪና የገጨውንና የዳጠውን ይናገራል። «ራን አወይ» ሲል መኰብለል ነው። «ራን ዳውን» ሲል ስለ ባትሪ ከሆነ መድከም፣ ስለ ቤት ከሆነ ማርጀትና መፈራረስ ነው። እነዚህን ጥቃቅን ቃላት ዘልሎ የሚያነብ ልጅ ከበሬው ጋር ቀንበሩን ሳያይ እርሻ አየሁ እንደሚል ሰው ነው።

ስለ ፍቾቹ ይህን ያህል ካልን ስለ ተመሳሳዮቹ ደግሞ ጥቂት እንበል። ፈተና ብዙ ጊዜ «የዚህ ቃል ተመሳሳይ የትኛው ነው?» ይላልና።

በአማርኛችን ለሩጫ ስንት ቃል እንዳለን ቈጥረን እናውቃለንን? በከተማችን ጎዳና ላይ የጋሪውን ፈረስ ተመልከቱ። በደኅና ቀን በሶምሶማ ይሄዳል። ባለጋሪው ሲቸኩል ይጋልባል። የጭነት መኪና በአጠገቡ ጥሩምባውን ሲነፋ ይደነብርና ይፈረጥጣል። ሰውስ ቢሆን ለጤናው ሲል ሶምሶማ ይሮጣል፤ ጕዳይ ሲኖርበት ይገሰግሳል፤ ጅብ ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል፤ ጠላት ሲበረታበት ይሸሻል፤ ከጌታው ቤት ይኰበልላል። እነዚህ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ በአንዱ ቦታ አይቆምም።

እንግሊዝኛውም በትክክል እንዲሁ ነው። «ጆግ» የጤና ሶምሶማ ነው፤ «ትሮት» የፈረስ ሶምሶማ ነው፤ «ጋሎፕ» ግልቢያ ነው፤ «ቦልት» መፈርጠጥ ነው፤ «ስፕሪንት» ባለ በሌለ ኃይል የሚሮጡት የአጭር ርቀት ሩጫ ነው፤ «ፍሊ» መሸሽ ነው። አንድ ተማሪ ድርሰቱን ለማሳመር ብሎ፣ በመዝገብ ውስጥ «ራን» ከሚለው አጠገብ «ፍሊ» የሚለውን አግኝቶ፣ ስለ ደራርቱ ሲጽፍ በ«ራን» ፈንታ እርሱን ቢያስገባ ምን ይሆናል? ያቺ በባርሴሎና ዓለም ያደነቃት ጀግና 10,000 ሜትር ሙሉ ሸሸች ማለት ይሆናል። ተማሪው ሊያከብራት ተነሥቶ ሰደባት።

ተመሳሳይ ቃላትን በየጕዳያቸው ሰብስቦ በማሳተም ስሙ የታወቀው ፒተር ማርክ ሮጄ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1852 ወጣ፤ እስከ ዛሬም እየታደሰ ይታተማል። ዛሬ ደግሞ እንዲህ ያለው ስብስብ በእጅ ስልክ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። «ራን» ብሎ የጠየቀ ልጅ «ማኔጅ»፣ «ፍሎው»፣ «ኦፐሬት»፣ «ፍሊ» የሚሉትን ሁሉ በአንድ ሰልፍ ተደርድረው ያገኛቸዋል። ስልኩ የትኛው ለየትኛው እንደሚስማማ ሁልጊዜ አይነግረውም። «ፍሎው» ለአዋሽ ይስማማል፤ «ማኔጅ» ለሱቅ ይስማማል። ቢለዋወጡ ግን አዋሽ አቤ ሐይቅን ያስተዳድራል፤ ሱቁም ይፈስሳል። እንግዲህ ተመሳሳይ ማለት በአንድ ቦታ ላይ የሚተካካ ማለት እንጂ በሁሉም ቦታ አንድ የሆነ ማለት አይደለም።

ይህን ነገር አስቀድመው አስተውለው ለእኛ የደከሙ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ለአማርኛ ሁለት መልካም መጻሕፍት ታተሙ። አንዱ ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ሆነው ያዘጋጁት፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ስም በአዲስ አበባ የወጣው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በጀርመን አገር በቪስባደን ያሳተሙት ነው። የዚህ የሁለተኛው ስያሜ ራሱ ትምህርት ነው። የቃላት ትርጕም በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚታይበት መዝገብ ብለው ሰየሙት፤ እንግሊዝኛውን ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ ወደ አማርኛ እየመለሱ አሳዩ። አንባቢው «ራን» ምን እንደ ሆነች ሳይሆን እዚህ ጋ ምን እንደ ሠራች ያያል። በፖላንድ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን በአብዛኛው በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት አሳልፈው፣ በ100 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ያረፉት እኒህ ሊቅ የደረሱበት ዘዴ ይህ ከሆነ የእኛ ተማሪ ደብተር ስለምን በሰረዝ ይቀራል?

ነገሩን እንደ ጨዋታ የሚመለከተው ሰው ቢኖር አንድ ነገር ላስታውሰው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው ብል እሳሳታለሁ፤ የመጽሐፍ እጥረት፣ የክፍል መጨናነቅ፣ የየቤቱ ችግር ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ያ ፈተና ከጥቂት የትምህርት ዐይነቶች በቀር በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ነው። ልጁ ትምህርቱን እያወቀ ጥያቄውን ሳያውቅ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ፊዚክስ «ወርክ» ሲል የቀን ሥራን ሳይሆን የኃይልንና የርቀትን ብዜት ይናገራል። ሒሳብ «ኢንተረስት» ሲል ስለ ፍላጎት ሳይሆን ስለ ወለድ ነው። «ቮልዩም» በራዲዮ ላይ የድምፅ ልክ፣ በኬሚስትሪ የዕቃው ይዘት፣ በቤተ መጻሕፍት ቅጽ ነው። እነዚህ ሁሉ ተማሪው «አውቃቸዋለሁ» የሚላቸው ቃላት ናቸው፤ የሚያስፈሩትም ስለዚሁ ነው። አንድ ገበሬ ከሽንኩርቱ ዋጋ ላይ ቀንሶ ያስተማረው ልጅ በአንዲት ሰረዝ ምክንያት ነጥብ ሲያጣ ማየት ለአስተማሪ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ለተማሪዎችና ልጆቻቸውን ማታ ለሚያስጠኑ ወላጆች ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ምክር አለኝ። የቃላቱ ደብተር አይጣል፤ ግን ሰረዙ ይቅር። ልጁ አዲስ ቃል ሲያገኝ ቃሉን ብቻውን አይጻፍ፤ ያገኘበትን ዐረፍተ ነገር በሙሉ ይጻፍ፤ ከሥሩም ዐረፍተ ነገሩን በሚያውቀው ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቢሆን፣ ሰው እንደሚናገረው አድርጎ ይመልስ። ለእያንዳንዱ ቃል ግማሽ ገጽ ባዶ ይተውለት። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ቃል በሌላ መጽሐፍ ሲያገኘው እዚያው ገጽ ላይ ይጨምርበት። በዓመቱ መጨረሻ የ«ራን» ገጽ ይሞላል፤ ልጁም ሳያጠና ያውቃታል።

ሲያነብም ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ። መጀመሪያ፣ የሚሮጠው ማን ነው? ሰው ነውን፣ ውሃ ነውን፣ መሣሪያ ነውን፣ መንገድ ነውን? ሁለተኛ፣ ከኋላ የተከተለው ምንድን ነው? ሱቅ ነውን፣ ወይስ «አውት» ወይም «ኢንቱ» የምትል ትንሽ ቃል ናት? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የመለሰ ተማሪ ከ645ቱ ውስጥ የትኛዋ እንደ ሆነች አብዛኛውን ጊዜ ያገኛታል።

ለመለማመጃ የሚሆኑ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ልስጥና ላብቃ። አንደኛ፣ «ሂዝ ኖውዝ ኢዝ ራኒንግ»፤ አፍንጫ እግር የለውምና ቤተሰቡን ፈልጉለት። ሁለተኛ፣ «ዘ ሚቲንግ ሬን ፎር ስሪ አወርስ»፤ ስብሰባው ነው እንጂ ተሰብሳቢው አይደለም። ሦስተኛ፣ «ሺ ኢዝ ራኒንግ ፎር ፓርላሜንት»። በሁለተኛውና በሦስተኛው «ፎር» የምትለው ትንሽ ቃል አንድ ናት፤ ፍቹ ግን የተለያየ ነው። ስለምን እንደ ተለያየ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ተከራከሩበት፤ መልሱን በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ እንተያያለን።